«ስስቅ ያመልጠኛል!» ትዳር ሊያፈርስ የደረሰው ምስጢር

የዛሬው ወጋችን ትንሽ የሚያሳፍር ነው። የሚያሳፍር ያልኩት እኔ አፍሬበት አይደለም፤ ባለቤቶቹ ስለሚያፍሩበት ነው። ስንት ዓይነት በሽታ በአደባባይ ይወራል! ጨጓራዬን ነው፣ ኩላሊቴን ነው፣ ደም ግፊቴ ተነስቶብኝ ነው ይባላል። ቡና ላይ ተቀምጦ «ስኳሬ ዛሬ ከፍ ብሏል» ማለትማ እንደ ወግ ተይዟል። እስቲ ግን «ሳስነጥስ ሽንት ያመልጠኛል» ብላ ቡና ላይ የተናገረች ሴት ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ይሁን እንጂ ከዚያው ቡና ላይ ከተቀመጡት መካከል አንዷ ወይም ሁለቷ እግራቸውን አጣምረው፣ ሳቃቸውን በነጠላ አፍነው የተቀመጡት በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ በዝግጅት ክፍሉ በኩል የደረሰኝ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው። ስም የለውም። ከግርጌው ስልክ ቁጥር ብቻ አለ። እንዲህ ይላል፦ «እህቴ፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ሌላ ሰው ይዘሻል ብሎ ሽማግሌ ሊሰበስብብኝ ነው። እኔ የያዝኩት ግን ሰው ሳይሆን ሞዴስ ነው። ምን ብዬ ልንገረው?»

መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋ። ደወልኩላት።

ቤቷ የሄድኩት ባሏ መንገድ በወጣበት ቀን ነው። ሰውየው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የጅቡቲን መስመር የሚመላለስ። እሷ ደግሞ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ቀኑን ሙሉ ቡሆ የሞላ ባልዲ ታነሳለች፣ ውኃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትሸከማለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነው የተቀበለችኝ። «ሁሉም ልብሴ ጥቁር ሆኗል» አለችኝ፤ «ሰው ሐዘን ላይ ያለሁ ይመስለዋል። ከመገናኛ መርካቶ ድረስ ሽንት ቤት የት የት እንዳለ ብትጠይቂኝ በቃሌ እነግርሻለሁ።»

ነገሩ የጀመረው ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ነው። ልጁ ከአራት ኪሎ በላይ ነበር። ምጡ ዓርብ ማታ ጀምሮ እሁድ ሊነጋ ሲል ነው ያበቃው፤ መጨረሻ ላይም በመሣሪያ ተስቦ ነው የወጣው። ከአራስ ቤት ወጥታ የመጀመሪያውን ጉንፋን ስትይዝ አንድ ሳል ሳለች... እርጥብ! ከዚያ ማስነጠስ መጣ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ባልዲ ማንሳት። በቀን አራት ሞዴስ እስከመቀየር ደረሰች። የሞዴስ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄዳ ነበር። እዚያ ያገኘቻት ባለሙያ «ሦስት ወልደሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ያለ ነው!» ብላ መለሰቻት። ያለ መሆኑ እውነት ነው። መታከም የለበትም የሚለው ነው ውሸቱ።

ታዲያ ባልየው እንዴት ነገሩን በሌላ ተረጎመው? ሰውየው ከመንገድ ሲመለስ ሚስቱ ከልጆቹ ጋር ትተኛለች። ሊነካት ሲል ትሸሻለች። ምክንያቱም በግንኙነት ጊዜ ሁለት ቀን አምልጧታል፤ እሱ አላወቀም፣ እሷ ግን አልረሳችውም። «ሽታ ይኖረኛል ብዬ እሰጋለሁ። ከሥራ እንደገባሁ እታጠባለሁ። እሱ ደግሞ ለማን ነው የምትታጠቢው ይለኛል!» አለችኝ። አያችሁ ነገሩን? ንጽህናዋ ሳይቀር ማስረጃ ሆኖ ቀረበባት።

የጠፍር አልጋው

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። በመጨረሻ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ብዙ ዘመን የሠሩ አንዲት ሴት አገኘሁ። ብዙዎቻችን ፊዚዮቴራፒ ሲባል የሚታየን እግሩ የተሰበረ ወይም ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ነው። እኔም ለሽንት ጉዳይ ፊዚዮቴራፒስት ይፈለጋል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሴትየዋ ግን ሳቅ ብለው «የጠፍር አልጋ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አውቃለሁ፤ አያቴ ቤት ነበር።

«እንግዲያው ተረዳሽው ማለት ነው» አሉ። የአልጋው ቅርጽ የሚቆመው በእንጨቱ ነው፤ የተኛውን ሰው የሚሸከመው ግን ጠፍሩ ነው። የሴት ልጅም ዳሌ እንደዚያው ነው። አጥንቱ ዙሪያውን ይዟል፤ ከታች ግን ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላ የጅራት አጥንት ድረስ የተዘረጉ ጡንቻዎች አሉ። የሽንት ፊኛው፣ ማህፀኑና የትልቁ አንጀት መጨረሻ የተቀመጡት እነሱ ላይ ነው። የሽንት ቧንቧው፣ የማህፀኑ መውጫና ፊንጢጣው በእነሱ መካከል አልፈው ነው የሚወጡት። ስናስነጥስ ወይም ከባድ ነገር ስናነሳ ሆዳችን ውስጥ ያለው ግፊት ድንገት ይጨምራል፤ ፊኛውንም ይጫነዋል። ጠፍሩ ጠንካራ ከሆነ ቧንቧውን ደግፎ ይዘጋዋል። ከረገበ ግን ይሰረጉድና ያመልጣል። ይኸው ነው።

የሚያረግበው ምንድን ነው? አንደኛው ወሊድ ነው። ሕፃኑ ሲወጣ ከጡንቻው አንዳንዱ ክፍል ከሦስት እጥፍ በላይ ሊለጠጥ ይችላል። እስቲ አስቡት፤ የእጃችሁ ጡንቻ ያን ያህል ቢለጠጥ ምን ይሆን ነበር? ምጡ ሲረዝም፣ ሕፃኑ ትልቅ ሲሆን፣ በመሣሪያ ሲሳብ ጉዳቱ ይብሳል። የወር አበባ የሚቋረጥበት ዕድሜም የራሱን ያደርጋል። የማይለቅ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም አሉ። ሌላው ሸክም ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስቧቸው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት 20 ኪሎ ነው፤ አገር ቤት ያለች እናት እሱን በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣለች፤ ያውም በወለደች በጥቂት ሳምንት።

«አራስ ወገቧን በመቀነት ትታሰር የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መቀነቱ ወገብና ሆድ ያስራል፤ የታችኛውን ጡንቻ ግን አያጠነክርልሽም። እሱን የምታጠነክሪው ራስሽ ነሽ» አሉኝ።

አሜሪካዊው ሐኪም

ይህን ጡንቻ በስፖርት ማጠንከር እንደሚቻል ለዓለም በሰፊው ያስተዋወቀው አርኖልድ ኪገል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ነው። ጥናቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሴቶች ከወሊድ በኋላ ሽንት ሲያመልጣቸው በጊዜው የሚታሰበው ቀዶ ጥገና ነበር። እሱ ግን የክንድ ጡንቻ በሥራ እንደሚጠነክር ሁሉ ይሄኛውም ይጠነክራል ብሎ ተነሳ። ሴቲቱ ጡንቻውን ስትሰበስብ ጥንካሬዋን የሚለካ መሣሪያም ሠራ። ዛሬ በመላው ዓለም ስፖርቱ በእሱ ስም «ኪገል» እየተባለ ይጠራል።

ሰው ሁሉ «ስፖርት ነው? በቃ?» ብሎ ይንቀዋል። እኔም ስሰማ ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ አንድ ሰፊ ግምገማ ግን አፍ ያስይዛል። በሳልና በሸክም ጊዜ ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ስፖርቱን ከሠሩት 56 በመቶ የሚሆኑት ዳንን ብለዋል፤ ምንም ካልተደረገላቸው ወይም ተራ ሕክምና ካገኙት ግን 6 በመቶ ብቻ! መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ይህን ውጤት በየግድግዳው ይለጥፉት ነበር። ስፖርት ስለሆነና የሚሸጥ ነገር ስለሌለው ዝም ተባለ፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። በፈረንሳይ አገር የወለደች ሴት ይህን ስልጠና በሐኪም ትዕዛዝ እየታዘዘላት፣ ወጪውን የጤና መድኅኑ ይሸፍንላታል።

«ግፊ!» የለመደች ሴት

ወደ ባለ እንጀራዋ ልመለስ። እሷ ስለዚህ ስፖርት አንድ ቀን ከደንበኛዋ ሰምታ ነበር። «ታችሽን ጭብጥ ለቀቅ፣ ጭብጥ ለቀቅ አድርጊ» ተብላ ሁለት ወር ሠርታለች። ውጤቱ? ባሰባት! ተስፋ የቆረጠችውም ያኔ ነው። «ለሌላው ሠራ፣ ለእኔ እንቢ አለ» ትላለች።

አብረን ሄድን። ፊዚዮቴራፒስቷ መጋረጃውን ጋርደው፣ እሷንም አስፈቅደው፣ በጓንት ሲመረምሯት ነገሩ ወዲያው ታወቀ። ሴትየዋ «ሰብስቢ» ስትባል የምታደርገው መግፋት ነው! ትንፋሿን ይዛ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ወደ ታች ታምጣለች። ማለትም የረገበውን ጠፍር በቀን ስንት ጊዜ እላዩ ላይ እየዘለለች ነበር ማለት ነው።

ባለሙያዋ አልተገረሙም። «ሦስት ጊዜ ምጥ ላይ ግፊ! ግፊ! ሲሏት የኖረች ሴት ናት። ስለዚያ ቦታ ትዕዛዝ ከተሰጣት እሱ ብቻ ነው። ሌላ ምን ታውቃለች?» አሉኝ። ይህ ንግግር ከሰማሁት ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ደግሞ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ በ47 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቃል ብቻ ከተነገራቸው መካከል በትክክል የሠሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ ሩብ ያህሉ ደግሞ ጭራሽ ችግሩን ሊያባብስ በሚችል መንገድ ነው የሠሩት። ስለዚህ «ሠርቼው እንቢ አለኝ» የምትሉ እህቶች፣ መጀመሪያ ምን እንደሠራችሁ እንይ።

እንግዲህ አሠራሩን ባለሙያዋ እንደነገሩኝ ላቅርብላችሁ። ወንዶች አንባብያን እዚህ ላይ ገጹን አትዝለሉ፤ ለሚስቶቻችሁ ትነግሯቸዋላችሁ።

መጀመሪያ ፊኛሽን ባዶ አድርጊ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ። ለቅሶ ቤት ሰው መሐል ተቀምጠሽ አየር ሊያመልጥሽ ሲል ምን ታደርጊያለሽ? (አትሳቂ፣ ባለሙያዋ ራሳቸው ናቸው እንዲህ ብለው የሚያስተምሩት!) ከኋላ ትይዢዋለሽ አይደል? ልክ እንደዚያ ከኋላ ጀምረሽ ወደ ፊት፣ ሽንት እንደምትይዥ አድርገሽ ሰብስቢና ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ ሳቢው። ዋናው ቃል «ወደ ላይ» የሚለው ነው። መቀመጫሽ ከተጨበጠ፣ ጭንሽ ከተጣበቀ ወይም ትንፋሽሽን ከያዝሽ ተሳስተሻል። ከውጭ የሚያይሽ ሰው ምንም እየሠራሽ እንደሆነ ማወቅ የለበትም። መጠራጠር ከመጣ ንጹሕ ጣትሽን አስገብተሽ መሞከር ትችያለሽ፤ ጣትሽን ጨብጦ ወደ ላይ ከሳበው ልክ ነው፣ ወደ ውጭ ከገፋው ልክ አይደለም።

ስትጀምሪ ሦስት ሴኮንድ ያህል ያዢ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ፤ የያዝሽውን ያህል ዕረፊ። መልቀቁም እንደመያዙ ነው፤ የማይለቅ ጡንቻም ጡንቻ አይደለም። በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያልሽ እስከ አሥር ሴኮንድ አድርሽው። በአንድ ጊዜ ቢያንስ ስምንት፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ ቶሎ ቶሎ ሰብሰብ ለቀቅ የሚደረግም አለ፤ እሱ ለድንገተኛው ሳል ነው። ተኝተሽ ሲዋጣልሽ ተቀምጠሽ፣ ከዚያ ቆመሽ ሥሪው። የሚያመልጠን ቆመን ነዋ!

ሽንት እየሸናሽ መሐል ላይ እያቋረጥሽ ግን አትለማመጂ። ጡንቻው የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢሞከር ነው እንጂ፣ እንደ ልማድ ከተያዘ ፊኛው በደንብ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል።

ውጤቱ መቼ ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ነው። በአንድ ሳምንት ተአምር የምትጠብቅ ትታዋለች። አንድ ዘዴ ግን አለ፤ ቶሎ ይጠቅማል። ልታስነጥሺ፣ ልትስዪ ወይም ባልዲ ልታነሺ ስትይ ቀድመሽ ሰብስበሽ መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ይህችን ብቻ ተምረው በአንድ ሳምንት ውስጥ በመካከለኛ ሳል የሚያመልጣቸው በ98 በመቶ፣ በከባድ ሳል የሚያመልጣቸው በ73 በመቶ ቀንሷል። ጡንቻቸው በሳምንት ጠንክሮ አይደለም፤ ጊዜውን ስላወቁበት ነው።

ባለ እንጀራዋስ እንዴት አስታውሳ ትሠራዋለች? እንዲህ ሆነላችሁ። እንጀራው ምጣድ ላይ ፈሶ አክንባሎው ሲከደን ትሰበስባለች፤ ትቆጥራለች፤ ትለቃለች። አክንባሎው ሲነሳ ዕረፍት ነው። እንዲያውም አብዝታው «ታችሽ እንደ ክንድሽ ይደክማል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል» ተብላ ተከልክላለች። ሌላ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ይሠራዋል፣ ሌላው ጥርሱን ሲፍቅ። ማን ያውቅባችኋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በየሱቁና በየስልኩ «ማጥበቂያ» እየተባለ የሚሸጥ ቅባትና ቅጠል በዝቷል። የረገበ ጡንቻ በቅባት አይጠነክርም። የማይታወቅ ነገር እዚያ ቦታ ማስገባት ቁስለትና ኢንፌክሽን ነው የሚያመጣው። ገንዘባችሁን ያዙ።

ቁልፉ በሩ ላይ ሲደርስ

ሁሉም ማምለጥ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት ሐጃ አሉ፤ ዕድሜያቸው 60 አልፏል። እሳቸውን ሳልም ሳቅም አያስቸግራቸውም። እሳቸውን የሚያስቸግራቸው የቤታቸው በር ነው! መንገድ ላይ ደህና ይመጣሉ፤ ቁልፉን አውጥተው በሩ ላይ ሲሰኩ... አልቆም ይላቸዋል። የቧንቧ ውኃ ድምፅም እንደዚያው። «ውዱዕ አደርጋለሁ፣ ይፈርሳል። አደርጋለሁ፣ ይፈርሳል። እንዲህ ሆኜ እንዴት እሰግዳለሁ ብዬ አለቀስኩ» አሉኝ። በኋላ የሃይማኖት መምህር ጠይቀው፣ ችግሩ የማያቋርጥ ከሆነ ለየሰላቱ ወቅት ውዱዕ እያደሱ መስገድ እንደሚችሉ ተነግሯቸዋል። ጸሎታቸውን አላቋረጡም። ለቅሶ ቤት መሄድ ግን ትተዋል፤ ሰው ደግሞ ኮሩ ብሎ አማቸው።

«እናቴ፣ በቀን ስንት ቡና ይጠጣሉ?» አልኳቸው። «አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነዋ! ጠዋትም ከሰዓትም። የምን ጥያቄ ነው?» አሉኝ ተቆጥተው። በጎኑ ደግሞ ሻይ አለ። ውኃ ግን እንዳያመልጣቸው ብለው ትተውታል!

ባለሙያዋ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሐጃ ችግር የጠፍሩ ብቻ ሳይሆን ፊኛው ሳይሞላ መኮማተሩ ነው። ቡናና ሻይ ፊኛን ያስቆጣሉ። ውኃ መተው ደግሞ ሽንቱን ያወፍረዋል፤ ወፍራም ሽንትም ፊኛን ያስቆጣል፤ ድርቀት ያመጣል፤ ድርቀቱም ያስምጣል፤ ምጡ ጠፍሩን ያረግባል። ዙሪያ ጥምጥም ነው። ለእሳቸው የተሰጣቸው ምክር ቡናውን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ውኃውን በልኩ መጠጣት፣ ሽንት ሲመጣ ከመሮጥ ይልቅ ቆም ብሎ ጡንቻውን ሰብስቦ ጥድፊያው እስኪያልፍ መጠበቅ፣ በሁለት ሽንት መካከል ያለውንም ጊዜ በየሳምንቱ በሩብ ሰዓት ያህል ማራዘም ነው። ይህም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ሐጃ ውኃውን ጀምረዋል። በረካንም ትተዋል። አቦልና ቶና ግን ለድርድር አልቀረቡም።

ስፖርት የማይነካው

አሁን የምለውን በጥሞና አንብቡልኝ። ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ፣ በተለይ ከረጅም ምጥ በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ ይህ የረገበ ጡንቻ ላይሆን ይችላል። ፌስቱላ ሊሆን ይችላል። ይህም ማለት በምጡ ብዛት በፊኛውና በማህፀኑ መውጫ መካከል ቀዳዳ ተፈጥሯል ማለት ነው። ቀዳዳ በስፖርት አይደፈንም። ለዚህ የሚበጀው ቀዶ ጥገና ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በ1974 የመሠረቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ይህንን ሕክምና በነጻ ይሰጣል። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 ቢያርፉም ሥራው አልቆመም፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት ተቋቁመዋል። ቀዳዳው ተሰፍቶ ከዳነም በኋላ አንዳንዶቹ ሲስሉና ሲቆሙ ማምለጡ ስለሚቀርባቸው ያኔ የጡንቻው ስፖርት ተመልሶ ይመጣል።

ሽንት ላይ ደም ካያችሁ፣ ሲሸና ካቃጠለ፣ ከታች እንደ እብጠት ያለ ነገር ወደ ውጭ ከወጣ፣ ወይም እግርና የጭን መሐል ከደነዘዘ ስፖርት እያላችሁ ቀን አትፍጁ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የስኳር ሕመምም ሽንት ያበዛልና መመርመር ነው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ ሳይጀምራችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሳያመልጣቸው በእርግዝናቸው መጀመሪያ ስፖርቱን የጀመሩ ሴቶች፣ በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ችግሩ የሚገጥማቸው ካልሠሩት በ62 በመቶ ያነሰ እንደሆነ በጥናት ታይቷል።

ባልየውስ?

«ምን ብዬ ልንገረው?» ላለችኝ ሴት እኔ ያልኳት፣ ዝርዝሩን ትተሽ አንዷን ዓረፍተ ነገር ንገሪው ነው። «ስወልድ ተጎድቻለሁ፣ ሽንት ያመልጠኛል፣ ልታከም ነው» በቃ። እሷ ግን አፏ እንቢ አለ። ሦስት ቀን ሞከረች። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ በዋዜማው፣ ማታ ልጆቹ ተኝተው ሳለ፣ የሐኪም ቀጠሮ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጥ ቤት ገባች።

ሰውየው ወረቀቱን አነበበ። ተከትሏት ገባ። «ካንሰር ነው እንዴ?» ነው ያላት መጀመሪያ። ስትነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽኝ?» አለና ተቆጣ። ተቆጣ እንጂ አልሄደም። ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ መጡ፤ ምሳ በልተው ተመለሱ። ምን እንደተባሉ እንኳ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

አንዳንድ ወንዶች ይህን ሲያነቡ «እኔ ብሆን ወዲያው ይገባኝ ነበር» ይሉ ይሆናል። እንግዲያው ሚስትህ ለምን ትራምፖሊን ላይ ከልጆቿ ጋር እንደማትዘል፣ ለምን ረጅም መንገድ እንደማትወድ፣ ጉንፋን ሲይዛት ለምን ክፍሏን እንደምትዘጋ ጠይቀሃት ታውቃለህ?

ባለ እንጀራዋ አሁን አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ከአራት ሞዴስ ወደ አንድ ወርዳለች፤ እሱንም «ለአደራ ነው የምይዘው» ትላለች። ሳል አያስፈራትም፤ ቀድማ ትሰበስባለችና። ባልዲ ሙሉ ቡሆ ከመሬት ስታነሳ ግን አሁንም ጠብ ይላታል፤ ስለዚህ ባልዲውን ግማሽ እያደረገች ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። ባልየው ቤት ባለበት ሳምንት ጀሪካኑን እሱ ይሸከማል፤ በሌለበት ሳምንት የጎረቤት ልጅ ይከፈለዋል። መኝታዋን መልሳለች። የሚቀጥለው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዋ ከጾሙ በኋላ ነው፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ቆማ እያነሳች እንዴት እንደምትሰበስብ ሊያሳዩአት ነው፣ ባልዲውንም ይዘሽ ነይ ብለዋታል።